በእንጅባራ ብርድ የጋሉ ላፕቶፖች

ኅዳር ሚካኤል በዋለ በሦስተኛው ቀን ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚኒባስ እየተመለስኩ ነበር። ከፊቴ ባለው ወንበር አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት መስኮቱን ገርበብ አድርጋ ፊቷን ወደ ነፋሱ ሰጥታለች። መንገዱ እያቅለሸለሻት መሆኑ ከግንባሯ ላብ ያስታውቃል። ከጎኗ የተቀመጡት ሽማግሌ ደግሞ ነጠላቸውን እስከ ጆሯቸው ስበው፣ «ኧረ መስኮቱን! ጆሮዬን ንፋስ ሊመታኝ ነው!» ይላሉ። ረዳቱ ከበሩ ሆኖ «መስኮት ይዘጋ! አባባን በረዳቸው!» አለ። ሴቲቱ ዘጋችው። ብዙም ሳንሄድ አፏን በመዳፏ ያዘች።

ይህን ጊዜ ከኋላዬ አርባ ዓመት የሚሆናት ሴት ተነሣች። አንገቷ ላይ የጠመጠመችውን ወፍራም የሱፍ ሻርፕ ፈታችና «አባባ፣ ይፍቀዱልኝ» ብላ የሽማግሌውን ራስና ጆሮ ሁለት ዙር ጠቅልላ ጫፉን ከኮታቸው ሥር ሸጎጠችው።

«አንቺ ሴት፣ እንደ አራስ ልጅ ጠቀለልሽኝ እኮ!» አሉ።

«አሁን ነፋሱ ያገኝዎታል?»

«ከየት አባቱ ያገኘኛል!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷም እጇን ዘርግታ መስኮቱን መልሳ ከፈተችውና ወደ ቦታዋ ተመለሰች። እንጅባራ እስክንገባ አንገቷ ባዶ ነበር። ስንወርድ ሽማግሌው ሻርፑን ሊፈቱ ሲታገሉ፣ «ይዘውት ይግቡ፣ ቤትዎ እስኪደርሱ ይበርድዎታል» ብላ ፌስታሏን አንጠልጥላ ሄደች። ስሟን የጠየቃት አልነበረም።

በማግሥቱ እንደገና አየኋት።

ልጄ በምትማርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ወላጆችን ወክዬ የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ አባል ነኝ። ሥራው ከባድ አይደለም። የተሰበረውን ወንበርና የሚያፈሰውን በርሜል አይተን «አይጠቅምም» ካልን እንፈርማለን፤ ንብረቱም ከመዝገብ ይሰረዛል። የዚያን ቀን በቀረበልን ዝርዝር ላይ ከአሥራ አራት ወንበሮች ቀጥሎ «ላፕቶፕ፣ ብዛት ሃያ፣ የማይሠራ» ይላል።

ስለ ላፕቶፖቹ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት በእርዳታ የመጡ ናቸው። አሮጌ ስለሆኑም የላኩልን ሰዎች ሊኑክስ የሚባለውን፣ በነጻ የሚገኘውንና ለአሮጌ ማሽን የሚቀልለውን የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት ጭነውባቸው ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በኮምፒውተር መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ከገጠር ለሚመጡት ተማሪዎቻችን መለማመጃ የሆኑት እነዚህ ብቻ ናቸው። እነሱ ከተሰረዙ፣ አብዛኞቹ ልጆች ማውስ የሚጨብጡት ለመጀመሪያ ጊዜ በፈተናው ቀን ነው። ይህ ሁላችንንም ያሳዝነናል፤ ነገር ግን በርተው ሃያ ደቂቃ ሳይቆዩ ድርግም የሚሉ ማሽኖችን ምን ማድረግ ይቻላል? የኮምፒውተር መምህሩም ወደ ሌላ ከተማ ከተዛወረ ዓመት ሊሞላው ነው።

የኮሚቴው ሰብሳቢ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ አቶ ሽባባው ነው። ቀልደኛና ደግ ሰው ነው፤ ለመዝገቡ ግን አይተኛም። «ቁልፉ ያለው የኬሚስትሪ ላብራቶሪ ረዳቷ ዋጋዬ ዘንድ ነው፤ ጥሯት» አለ። በሩ ተከፍቶ የሚኒባሷ ሴት ገባች። አንገቷ ላይ ዛሬ ነጠላ ብቻ ነው ያለው።

«ቁልፉን አስረክቢና ገላግዪን» አላት ሽባባው።

«አቶ ሽባባው፣ ማሽኖቹ አልሞቱም እኮ። እየጋሉ ነው የሚጠፉት።»

«እየምን?»

«እየጋሉ። ሙቀቱ ሲበዛባቸው።»

ሽባባው ኮቱ ላይ የደረበውን ጋቢ ሰብሰብ አደረገ። «እኔ በዚህ ሁሉ ልብስ ጥርሴ እየተንገጫገጨ፣ ኮምፒውተሩ ሞቀኝ ብሎ ጠፋ ትይኛለሽ? ይኼ እንጅባራ ነው እንጂ ቆላው ጫግኒ አይደለም!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ዋጋዬ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች።

«እኔም መጀመሪያ እንዲሁ ነበር ያልኩት። ግን ራሱ ጽፎታል።»

«ማን?»

«ማሽኑ። ሊኑክስ የሆነውን ሁሉ በየሰዓቱ ይመዘግባል። ከመጥፋቱ በፊት የጻፈውን መጨረሻ መስመር አነበብኩ፤ ሙቀቴ ከወሰን አልፏልና ራሴን አጠፋለሁ ይላል። በሃያውም ላይ ያው ነው።»

ሽባባው እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካ። መዝገብ የሚጽፍ ነገር ያከብራል መሰለኝ። ተነጋገርንና አንድ ነገር ወሰንን። በሚቀጥለው ዓርብ ልጆች ተቀምጠውባቸው ከሃያው አሥራ አምስቱ ሁለት ሙሉ ሰዓት ሳይጠፉ ከሠሩ ይቀራሉ። ካልሠሩ ዝርዝሩ እንዳለ ይፈረማል። ዋጋዬ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ ወጣች። እኔም ተከትያት ወጣሁና ሥራዋን ማየት እችል እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ይምጡ ጋሼ፤ የሚያይ ሰው ይጠላል እንዴ?» አለችኝ።

ላብራቶሪዋ ንጹሕ ነው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ላፕቶፕ በሁለት የእንጨት የብልቃጥ ማስቀመጫዎች ላይ ከፍ ብሎ ይሠራል። በጎኑ ባለው ቀዳዳ አጠገብ የኬሚስትሪ ቴርሞሜትር በክር ታስሮ ተንጠልጥሏል። ከአጠገቡ አንድ የተማሪ ደብተር አለ፤ በየአምስት ደቂቃው የለካችውን ሙቀት በረድፍ ጽፋበታለች፤ በአንድ በኩል ቴርሞሜትሩ ያለውን፣ በሌላ በኩል ሊኑክሱ ራሱ ስለ ራሱ የሚናገረውን። ቁጥሮቹ ልቅም ያሉ ናቸው።

እየሠራች ሕይወቷን አጫወተችኝ። የተወለደችው ግምጃ ቤት ከተማ አጠገብ ካለ መንደር ነው። አባቷ አቶ ትዕዛዙ ኮርቻ ሠሪ ነበሩ። በእኛ አገር ፈረስ የሌለው ሰው እንኳ ስለ ፈረስ ያወራል፤ እሳቸው ዘንድ ደግሞ ሰው ከሩቅ ሁሉ ይመጣ ነበር። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሰው «ፈረሴ ጀርባው ቆስሏል፣ መድኃኒት ስጠኝ» ባይ ነው። እሳቸው ፈረሱን ትተው ኮርቻውን መሬት ላይ ገልብጠው ያዩ ነበር። «ቁስሉ ፈረሱ ላይ ይታያል፤ የቆሰለበት ምክንያት ግን እዚህ ነው» ይሏት ነበር በአውኚ። አማርኛ የተማረችው ትምህርት ቤት ገብታ ነው።

ዳንግላ ኮሌጅ ገብታ የላብራቶሪ ሙያ ስትማር አንድ የኮምፒውተር ተግባር ፈተና ነበረባት። ኮምፒውተር በሥዕል እንጂ በዓይኗ አይታ አታውቅም።

«ፈታኙ ‹ማውሱን ወደ ላይ ውሰጂው› አለኝ። እኔም አነሣሁትና ስክሪኑ ላይ አስጠጋሁት። ይኸውልዎ፣ እንደ መስታወት መወልወያ!» እጇን ከፍ አድርጋ አሳየችኝና ከልቧ ሳቀች። «ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ወደቅሁ። በዓመቱ ደግሜ አለፍኩ። ግን ጋሼ፣ በእኛ ልጆች ላይ ማንም ያን ሳቅ መሳቅ የለበትም።»

ከዚያ በኋላ ፊቷን ወደ ደብተሩ አዞረች። ላፕቶፖቹ እንዲቀሩ ለምን እንደምትለፋ ሌላ ምክንያት አልጠየቅኋትም።

የኮምፒውተር መምህሩ ሲዛወር ቁልፉ ለእሷ ተሰጣት፤ ቦታውን የሚይዝ ሰው ስላልነበረ ብቻ ነው። ስለ ሊኑክስ ምንም አታውቅም ነበር። በስልኳ እያነበበች፣ ያልገባትን ቃል በመዝገበ ቃላት እየፈለገች፣ የተማረችውን በደብተር እየገለበጠች ቆየች። ስህተት ሠርታ አንዱን ማሽን ሦስት ቀን ጨለማ አድርጋው ታውቃለች። በአራተኛው ቀን በራ፤ እንዴት እንደበራ እስካሁን አይገባትም። «ያን ቀን ማርያምን አመሰገንኩና ያደረግሁትን ሁሉ በቅደም ተከተል ጻፍኩ» አለችኝ። እኔም ትምህርቴን ያቋረጥኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው፤ የቀረውን ከመጻሕፍት ነው የለቀምኩት። ስለዚህ ነገሩ ገባኝ።

«አሁን ይኼን ይመልከቱ» አለችኝ ደብተሩን አስጠግታ። «ይኼ ማሽን እዚህ ሁለት ሰዓት ሠርቶ ሰማንያ ሁለት ዲግሪ ነው፤ አይጠፋም። ይኸው ማሽን፣ ራሱ፣ ኮምፒውተር ክፍል ሳስገባው በሃያ አምስት ደቂቃ ዘጠና ሰባት ይገባና ይጠፋል። ሁለቱም ክፍሎች እኩል ይበርዳሉ። ለካሁት።»

«ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ኮርቻውን እንየው» አለችና ቁልፉን አነሣች።

የኮምፒውተር ክፍሉን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ባለፈው ዓመት ሲመረቅ ነበር፤ አሁንም ያምራል። እናቶች ተሰብስበው ነው ያሳመሩት። የወይዘሮ ዘውድነሽ ሐሳብ ነበር፤ ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ የሚላቸው ሴት ናቸው። ጠረጴዛዎቹ በቡናማ ባና ተሸፍነዋል። ባና በበግ ጠጉር የሚሠራው ወፍራም ብርድ ልብሳችን ነው፤ በክረምት ከእሱ የሚበልጥ የለም። ላፕቶፖቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው ከዚያው ከባና በልካቸው የተሰፋ ልብስ ለብሰዋል። ልብሱ ስክሪኑና ኪቦርዱ ብቻ እንዲታዩ ተደርጎ ጠርዙ በአረንጓዴ ክር ተጠልፏል። ስንመርቀው ሁላችንም አጨብጭበን ነበር።

ዋጋዬ አንዱን አንሥታ ገለበጠችው። «ማሽኑ አየር የሚስበው ከሆዱ ነው። ሆዱ ባና ላይ ተኝቷል። የሞቀውን አየር የሚተፋው በጎኑ ነው፤ ጎኑ ተሰፍቷል።» ጣቷን ባስቀመጠችበት ቦታ ላይ ባናው በድርብ ተጥፏል፤ ስፌቱ ጠንካራና ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ልብሱን አውልቃ የታችኛውን ክዳን በትንሽ መፍቻ ከፈተችና ፋን የሚሉትን ማራገቢያ አሳየችኝ። በፋኑና የሞቀው አየር በሚወጣበት የመዳብ ወንፊት መካከል አንድ ነገር ተጋድሟል። በወረንጦ ሳብ አደረገችው። የጣት ውፍረት ያለው፣ የተጠቀጠቀ የበግ ጠጉር ነው። ፋኑ ዓመት ሙሉ ከባናው ጠጉር እየሳበ ራሱን አፍኗል።

«በጉ እዚህ ውስጥ ነው ያለው በዪኛ!» አልኩ።

«ሃያ በግ» አለች።

ዳንግላ የሄደችው ለዚሁ ሥራ ኖሯል። በፌስታሉ የነበረው ለስላሳ ብሩሽና፣ ዋናውን ሥራ በሚሠራው ፕሮሰሰርና በላዩ ባለው መዳብ መካከል የሚቀባ ግራጫ ቅባት ነው። ቅባቱ ሲደርቅ ሙቀቱ ወደ መዳቡ አይሻገርም።

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል? ባናውን ግፈፊውና ጽጂው» አልኳት።

አረንጓዴውን ጥልፍ በጣቷ ነካች። «እትዬ ዘውድነሽ በደካማ ዓይናቸው የሰፉት ነው።»

«እስከ ዓርብ ብቻ አንሥተሽ ብትመልሺውስ? አያውቁም።»

«ሳይነግሩ መግፈፍማ ነውር ነው፤ ጋሼ። ደግሞ ከዓርብ በኋላስ?»

ትክክል ነበረች። ያኔውኑ አብረን ወደ ወይዘሮ ዘውድነሽ ቤት ሄድን። እሳቸው በደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ጠጉር ይፈትላሉ። ዋጋዬ ጎንበስ ብላ ሰላምታዋን ካደረሰች በኋላ ስለ ጤናቸው፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ላማቸው ጠየቀች፤ ወደ ጉዳዩ ግን አልገባችም። እኔ ነበርኩ የጀመርኩት፤ ማሽኖቹ ሊወገዱ መሆኑን ነገርኳቸው።

«ምነው? ያን ያህል አልብሰናቸው?» አሉ።

«እሱ ነው እትዬ» አለች ዋጋዬ። «ልብሱ በዝቶባቸው ነው። በጎናቸው ያለችው ቀዳዳ…»

«ቀዳዳዋንማ ሆን ብዬ ነው የደፈንኳት! ክፍሉን ለማየት ሄጄ ሳለ እጄን ሳስጠጋ ነፋስ ይወጣል። ከአጠገቡ የተቀመጠችውን ልጅ ጎኗን ሲመታት አየሁ። ሞቅ ያለ ነፋስ ደግሞ የባሰ ነው፤ ከዚያ ወጥታ ብርድ ሲያገኛት በምች ትወድቃለች። በድርብ ጣፍኳት።»

ዋጋዬ አልሳቀችም። እኔም አልሳቅሁም፤ የእኔም እናት ብትሆን ያንኑ ነበር የምታደርገው።

«እትዬ፣ አፍና አፍንጫዎን በነጠላ አስረው ዳገት መውጣት ይችላሉ?»

«እንዴት ተብሎ!»

«እሱም አፉ እዚያ ነው። ልጆቹ ሲሠሩበት ዳገት እየወጣ ነው። ስንደፍነው ይወድቃል።»

እንዝርቱ ቆመ። ወይዘሮ ዘውድነሽ እጃቸውን ተመለከቱ። እውነቱን ለመናገር፣ ያለቅሳሉ ብዬ ፈርቼ ነበር።

«ታዲያ ልጆቹስ? የልጆቹ ጎንስ?» አሉ።

«ልጆቹን እናልብሳቸው እንጂ የማሽኑን አፍ አንዝጋው።»

«አግዳሚ ወንበሮቻቸው ባዶ እንጨት ናቸው አይደል?»

«ባዶ እንጨት ናቸው።»

«እንግዲያስ ባናዬን አምጡት ወደ ወንበሩ ይሂድ» አሉና ተነሡ። «ቆይ! አንቺ አትንኪው፤ ጥልፉን ታበላሺብኛለሽ። የሰፋሁትን እኔው እፈታዋለሁ።»

በማግሥቱ ጠዋት መቀሳቸውንና መነጽራቸውን ይዘው መጡ። ሃያውንም አንድ በአንድ ፈቱ። ስፌት በፈቱ ቁጥር «ተንፍስ እንግዲህ» ይሉት ነበር ላፕቶፑን።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የዋጋዬ ብቻ ነው። ከትምህርት ሰዓት ውጪ እየተቀመጠች ሃያውን ማሽን ከፈተች፤ ጠጉሩን አወጣች፤ ወንፊቱን ቦረሸች፤ የደረቀውን ቅባት ጠርጋ የስንዴ ፍሬ በምታህል አዲስ ቅባት ተካች። የምተዳደርባትን ሱቄን ቀደም ብዬ በዘጋሁባቸው ቀናት እየሄድኩ ብሎኖቹን በየብልቃጡ አስቀምጥላት ነበር። ብዙ አታወራም። አንዳንዴ ግን ለራሷ በአውኚ ትናገራለች፤ ያኔ ነገሩ ከብዷታል ማለት ነው።

በሦስተኛው ቀን ሌላ ነገር ገጠማት። የጸዱት ማሽኖች ቀን ላይ ልጆች እየተለማመዱባቸው ስድሳ ዲግሪ ሆነው ይውላሉ፤ በማግሥቱ ጠዋት ቻርጅ ከሚደረጉበት ቁም ሣጥን ሲወጡ ግን ይሞቃሉ። ቁም ሣጥኑ ተቆልፎ ማን ሲሠራባቸው አደረ? መዝገባቸውን ከፍታ አነበበች፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲጽፉ አድረዋል። ነገሩ ለካ እንዲህ ነው። ላፕቶፕ ክዳኑ ሲዘጋ መተኛት አለበት። አንዳንዶቹ ከተኙ በኋላ ቶሎ አልነቃ ስላሉ፣ የቀድሞው መምህር «ክዳን ሲዘጋ ምንም አታድርግ» ብሎ አዝዟቸው ኖሯል። ልጆቹም ክዳኑን ዘግተው አጠፋን ብለው ይሄዳሉ። በዚያ ላይ ፈጣን እንዲሆኑ ብሎ ሁሉንም በከፍተኛው ጉልበት ላይ አቁሟቸዋል።

«ደኅና አስቦ ነው ያደረገው» አለች ዋጋዬ። «ልጆቹ ዘገየብን ሲሉት ነው። ግን ፈረሱ በረት ውስጥም እየጋለበ ነው።»

ሁለቱንም አስተካከለች። ጉልበቱን ወደ ቆጣቢው አወረደችው፤ ክዳኑ ሲዘጋ ደግሞ ጨርሶ እንዲጠፋ አደረገች። ለልጆቹ መለማመጃ ይህ ፍጥነት ይበቃል። በማግሥቱ ጠዋት ቁም ሣጥኑን ስንከፍት ማሽኖቹ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዘው አገኘናቸው። «ተመስገን» አልን ሁለታችንም።

ሐሙስ ዕለት ግን አሥራ ሰባት ብቻ ነበሩ የተዘጋጁት። ሦስቱ እምቢ አሉ። ሲበሩ ፋናቸው ለአፍታ ይዞራል፤ ሊኑክሱ ሲነሣ ቀጥ ይላል፤ ምንም ቢጋሉ ተመልሶ አይዞርም። ፋኑን ቀየረችው፤ ያው ነው። «ፋኑ ጤነኛ ነው፤ ዙር የሚለው ትእዛዝ ነው የማይደርሰው» ብላ ሦስቱን ለብቻ አስቀመጠቻቸው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አሥራ ሰባት ተማሪዎች ባና በለበሱት አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተቀመጡ። ሽባባው በሩ አጠገብ ሰዓቱንና ዝርዝሩን ይዞ ተሰየመ። የመለማመጃ ጥያቄዎቹ ተከፈቱ። ዋጋዬ ቆማ ትዞራለች፤ እጇ ላይ ደብተር የለም፤ መቍጠሪያ ብቻ ነው የያዘችው። ከፊት የተቀመጠች ቤዛዊት የምትባል ልጅ ማውሱን በሁለት እጇ ይዛው ነበር። ዋጋዬ አጠገቧ ዝቅ ብላ አንዱን እጇን አንሥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት፤ የሳቀ የለም።

ሃያ ደቂቃ አለፈ፤ ሃያ አምስት፤ ሠላሳ። በአርባ ደቂቃው መብራት ጠፋ።

«በቃ!» አለ ሽባባው። «አለቀ።»

ግን ስክሪኖቹ እንደ በሩ ናቸው። አንዱ ብቻ፣ ባትሪው ያለቀለት፣ ወዲያው ጠፋ። አሥራ ስድስቱ በባትሪ መሥራታቸውን ቀጠሉ። ዋጋዬ ለልጆቹ የስክሪናቸውን ብርሃን እንዴት እንደሚቀንሱ አሳየቻቸው፤ ክፍሉ ደብዘዝ አለ። ኮርኒሱን የሚያይ አለ፤ ባትሪውን የሚያይ አለ። እኔ በልቤ አቡነ ዘበሰማያት እደግም ነበር። በእርግጥ ለኮምፒውተር ባትሪ ጸሎት ይደረጋል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ያን ቀን ተደርጓል እላችኋለሁ። ሃያ አምስት፣ ሠላሳ ደቂቃ ሄደ። አንዷ ልጅ «ቲቸር፣ ቀይ አሳየኝ!» አለች። በሠላሳ አምስተኛው ደቂቃ መብራቱ መጣ። ልጆቹ «እሰይ!» ብለው ጮኹ፤ ሽባባው «ፈተና ላይ ነን!» ብሎ ተቆጣቸው፤ እሱ ራሱ ግን ቆሞ ነበር።

ሁለት ሰዓቱ ሲሞላ አሥራ ስድስቱ በርተው ነበር። ሽባባው ወደ ቤዛዊት ማሽን ሄዶ እጁን ጎኑ ላይ አስጠጋ። ከቀዳዳው ለብ ያለ አየር ይወጣል።

«ከእኔ እጅ ይሻላል» አለ። ከዚያ፣ የፈረሱን ነገር ነግረነው ስለነበር፣ ወደ ዋጋዬ ዞሮ «አንቺ፣ ለእኔም ጉልበቴን ወደ ቆጣቢው ብታወርጂልኝስ? ሚስቴ ሌሊት ትጋልባለህ ትለኛለች» አላት። ልጆቹ እንዳይሰሙ ዋጋዬ በሳል ሳቋን ሸፈነች።

ዝርዝሩ ላይ «ሃያ» የሚለው ተሰርዞ «ሦስት» ተጻፈ። ባትሪው ያለቀው ማሽን በመብራት ስለሚሠራ እንዲቀር ተስማማን። ሦስቱ እስከ ገና ማግሥት ጊዜ ተሰጣቸው፤ እስከዚያ ካልተስተካከሉ ይወገዳሉ። እኔም ፈረምኩ። ብዙ ወረቀት ፈርሜአለሁ፤ እንዲያ ደስ ብሎኝ የፈረምኩት ግን ጥቂት ነው።

ልጆቹ ክዳናቸውን ዘግተው፣ ማሽኖቹ መጥፋታቸውን በጆሯቸው አዳምጠው ወጡ። እኔም ልሄድ ስነሣ ዋጋዬ ከላብራቶሪው አንድ የታጠፈ ወረቀት ይዛ መጣች። ሳትሰጠኝ ጥቂት ቆመች። ሃያ ላፕቶፕ ስትከፍት ያላፈረች ሴት አሁን አፍራለች።

«ጋሼ፣ እርስዎ እንግሊዝኛ ያነባሉ ይባላል።»

«በመዝገበ ቃላት ነው፤ እንደ አንቺው።»

«ቢሆንም ከእኔ ይሻላሉ። የሦስቱ ነገር እኮ… በእኛ አቅም የሚፈታ አይደለም። ሊኑክሱን የሚሠሩት ሰዎች አሉ፤ አገራቸውን አላውቅም፤ በየአገሩ ናቸው መሰለኝ። ችግራቸውን የጻፉላቸውን ይረዳሉ፤ ክፍያም አይጠይቁም። ሌሎች ሰዎች የጻፉትን አነበብኩ። ‹ፋኔ አይዞርም፣ ምን ላድርግ› ብለው ነው የሚጀምሩት፤ ደኅና ናችሁ ወይ እንኳ የለበትም። እኔ እንደዚያ መጻፍ አልቻልኩም፤ ሁለት ቀን ሞከርኩ።» ወረቀቱን ሰጠችኝ። የማሽኑ ስም፣ የመዝገቡ መስመሮች፣ የለካቻቸው ዲግሪዎች ሁሉ በቅደም ተከተል ተጽፈዋል። የወረቀቱ ራስጌ ግን ባዶ ነው፤ አራት ጣት ያህል ቦታ ትታለታለች።

«ሰላምታውን ይጻፉልኝ ጋሼ» አለችኝ። «ረዘም ያለ ይሁን፤ ከማናውቀው ሰው ነው የምንለምነው።»